የጎማው ብርድ ልብስ

ለሚወደው ነገር ቤቱን የሰጠ ሰው በየትም አገር ይከበራል። የእኛው ሰው ግን ከዚያም አልፎ የአማቱን ክፍል ነው የሰጠው፤ ስለዚህ ክብሩም በዚያው ልክ ሊሰፋለት ይገባል።

ይህ ሰው በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ፋይል ለሚጠይቀው ሁሉ «ነገ ይመለሱ» እያለ ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ በጥድፊያ የማይታማ ሠራተኛ። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ግን ጥቁር የቆዳ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ሄልሜቱን ደፍቶ በሞተር ብስክሌት ይወዳደራል። ያን ጊዜ ስሙ «ጥይት» ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠራው የሚያስችል አጋጣሚ እስካሁን አልተፈጠረም። በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ውድድር ጀምሯል፤ የጨረሰው የለም። አንዴ ሞተሩ ጠፋ። አንዴ እሱ ራሱ ጠፋ፤ መታጠፊያውን ስቶ ዋናው አስፋልት ላይ ተገኘ። አንዴ ደግሞ መነሻው ላይ ቆሞ ማርሽ ሲያፈላልግ ሌሎቹ አንድ ዙር ዞረው ከኋላው መጡ። ይህን ሁሉ እሱ «ልምድ» ይለዋል፤ ልምድ ደግሞ አለው።

ሞተሩ የሚያድረው ቤት ውስጥ ነው፤ ምድር ላይ ባለችው አንዲት ትርፍ ክፍል። ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ መጠለያ አለ፤ ነገር ግን እርጥበት አለው፣ እርጥበት ደግሞ ለሞተሩ አይስማማውም። የሞተሩ ጎማዎች በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ሁለት ብርድ ልብሶች አሏቸው። የእሽቅድምድም ጎማ ካልሞቀ መሬት አይጨብጥም ስለሚባል፣ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ከውድድር በፊት ጎማቸውን ይጠቀልላሉ። ጥይት ግን ሰኞም ይጠቀልላል፣ ማክሰኞም ይጠቀልላል። «የለመደ ነገር ሲያጣ ይታመማል» ባይ ነው።

ታዲያ በዚህ ሰላም መካከል የአማቱ ግራ ዓይን ኦፕራሲዮን ሆነ። ሐኪሙ «ለብቻቸው መኖር የለባቸውም» አለ። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። በቀን ስንቱን ወደዚህ ዓለም የምታስገባ ሴት እናቷን አንዲት ክፍል ማስገባት አቃታት።

«እናቴ እዚህ ትገባለች» አለች፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ዓይኑን ታሟል?»

እማማ ከእሷ ሌላ አንድ ልጅ አላቸው፤ ታናሽ ወንድሟ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በአንዲት ክፍል ተጣቦ ይኖራል። ይኸው ወንድም የጥይት መካኒክ፣ አሠልጣኝና ጃንጥላ ያዥ ነው። እናቱን እንደ ነፍሱ ይወዳቸዋል። ነገር ግን እህቱ ቤት ካልገቡ የሚገቡት እሱ ጋ ነው፤ እሱ ጋ ደግሞ አንድ ሰው ሲገላበጥ አምስቱም መገላበጥ አለባቸው።

ክርክሩ ሲጠና ጥይት ነገሩ በአሠራር እንዲፈታ አዘዘ። ፎቅ ላይ ባለችው መኝታ ቤት፣ ያለችውም መኝታ ቤት እሷው ናት፣ የቤተሰብ ስብሰባ ጠራ። እማማ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ስለሆኑ አልተጠሩም። ቃለ ጉባኤውን ራሱ ጻፈው፤ ሃያ ዓመት የሌላ ሰው ቃለ ጉባኤ ሲያስር የኖረ ሰው የራሱን ሲያገኝ እንዴት እጁ አይፍታታ!

«አንቀጽ አንድ፦ ተወዳዳሪው በመጪው ቅዳሜና እሁድ የሚካሄደውን ውድድር መጨረሱን የውድድሩ ኮሚቴ ካረጋገጠ፣ ክፍሉ የሞተሩ ሆኖ ይቀጥላል። ካልጨረሰ ሞተሩ ክፍሉን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለእማማ ያስረክባል።»

አንቀጽ አራት የገባው አንድ ቀን አንደኛውን የጎማ ብርድ ልብስ ሚስቱ እግር ላይ ስላገኘው ነው፦ «የጎማ ብርድ ልብሶቹ ከጎማ በስተቀር ለማንኛውም አካል አገልግሎት አይውሉም።» አንቀጽ ሰባት ደግሞ የሚስቱን ጠባይ አውቆ ያስገባው ነው፦ «ይህ ቃለ ጉባኤ የሚሻሻለው ሦስቱም ፈራሚዎች ፎቅ ላይ በአካል ተገኝተው ሲስማሙ ብቻ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የሚደረግ ማሻሻያ ተቀባይነት የለውም።»

ሚስቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አሥራ አንዱን ውድድር አስታወሰችና ፈረመች። ወንድሟም ፈረመ። እሱ ከጨረሰ እማማ የት እንደሚሄዱ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው ተብሎ ታለፈ።

ቅዳሜ ዕለት ዝናቡ ከተወዳዳሪዎቹ ቀድሞ ቦታው ደረሰ። እማማን ለብቻቸው ቤት መተው ስለማይቻል ቤተሰቡ በሙሉ ተጭኖ መጥቷል። ድንኳኑ ሲተከል አዲስ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ወንፊት ሆነ። ከቤት የመጡት ሦስት የሰው ብርድ ልብሶች ውሃ ጠጥተው ጠጥተው እንደ ሰከረ ሰው የሚደግፋቸው ፈለጉ። የጎማዎቹ ብርድ ልብሶች ግን ምንም አልሆኑም። በላስቲክ ተሸፍነው፣ ከጄነሬተር ጋር ተያይዘው ይሞቃሉ።

እማማ ግራ ዓይናቸውን በፋሻ ሸፍነው፣ በሞተሩና በድንኳኑ ጨርቅ መካከል በገባች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ብርዱ ሲጠናባቸው እጃቸውን ወደ ጎማው ሙቀት ሰደድ አደረጉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ጠጋ ይበሉለት» አለ ጥይት፣ በትሕትና እጅ እየነሣ። «ነፋስ ሲያገኘው ይበርደዋል።»

«ማንን ልጄ?»

«ጎማውን።»

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እማማ ከልባቸው። ነፋሱን በጀርባቸው ከልለው ጠጋም አሉለት።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። አዋላጅ ናት፤ ጊዜው ያልደረሰ ነገር ጎትታ አታወጣም።

የውድድሩ ኮሚቴ በበኩሉ ዝናቡን በአጀንዳ ይዞ ተሰብስቧል። በውድድሩ ደንብ መሠረት ኮሚቴው «እርጥብ ነው» ብሎ እስኪወስን ድረስ መሮጫው ደረቅ ነው። ሊቀ መንበሩ በድምፅ ማጉያ ብቅ አሉ፤ «ክቡራን ተወዳዳሪዎች! ዝናብ እየጣለ ነው የሚል አስተያየት ከተለያዩ አቅጣጫዎች ደርሶናል። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት እያጣራ ስለሆነ፣ ውጤቱ እስኪገለጽ ድረስ መሮጫው ደረቅ መሆኑን ተገንዝባችሁ በትዕግሥት እንድትጠባበቁ!» ሁለት አባላት ያሉት አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ ጃንጥላውንም አንድ ቦታ አስወስዶ ተመለሰና ጉዳዩ ሰፊ ጥናት የሚጠይቅ መሆኑን ሪፖርት አደረገ። የቅዳሜው ልምምድ በስብሰባ ምክንያት ተሰረዘ።

እሁድም ነጋ፤ ዝናቡም አብሮ ነጋ። ኮሚቴው አሁንም አልወሰነም፤ ውድድሩ ግን ሰዓቱ ደረሰ።

ወንድምየው የዝናብ ጎማዎቹን እያንከባለለ መጣ። በዚህ ሙያ ጎማ ሁለት ዓይነት ነው። ለደረቅ መሬት የሚሆነው እንደ እንቁላል የለሰለሰ ልሙጥ ነው፤ ለዝናብ የሚሆነው ውሃ የሚያሳልፍ ቦይ ቦይ አለው።

«ጋሼ፣ ይኸን ልግጠምልህ። ልሙጡ በዚህ ውሃ ላይ ሳሙና ማለት ነው።»

ጥይት ዓይኑን ጠበብ አደረገ። የመዝገብ ቤት ሰው ሰነዱን ከማንበቡ በፊት ማን እንዳመጣው ነው የሚያየው። እኔ ካልጨረስኩ እማማ እህቱ ቤት ይገባሉ፣ እሱ ይገላገላል፤ ታዲያ ይኸ ሰው እንድጨርስ ለምን ይመክረኛል? ሲል አሰበ። ባሰበ ቁጥር ተንኮሉ እየጠራ መጣለት።

«ስማ፣ አንተ በዚህ ነገር ባለጉዳይ ነህ።»

«እኔ?»

«የጥቅም ግጭት አለብህ። ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ ሐሳብ አይሰጥም።»

«ጋሼ፣ ዝናብ እኮ ነው! ቀና ብለህ እየው!»

«ኮሚቴው ደረቅ ነው ብሏል። ከኮሚቴ ትበልጣለህ?»

ወንድምየው ደከመው። «እሺ፣ እንግዲያው ልሙጡን ልግጠምልህ።»

«አየህ? ምነው ቶሎ ተስማማህ?»

«ወይ ጣጣ! ታዲያ የቱን?»

ጥይት ለአፍታ ተጨነቀ። ነገር ግን በመዝገብ ቤት አሠራር የሚመረመረው መጀመሪያ የገባው ሰነድ ነው፤ መጀመሪያ የገባው የዝናቡ ጎማ ነበር፤ ስለዚህ የተጠረጠረው እሱ ሆነ። ልሙጡ ተገጠመ። እውነቱን ለመናገር ወንድምየው ሌሊቱን ሙሉ «ምናለ ባይጨርስ» እያለ ነበር ያደረው። ጠዋት ጎማውን ሲያይ ግን መዋሸት አልሆነለትም። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሊወጣ ሲል እማማ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ና እስቲ ልጄ፣ እንዲህ ሆነህማ አትሄድም። ይኸ ቆዳህ ውሃ ጠጥቶ ሊገድልህ ነው።» ትርፍ ላስቲክ አንሥተው ትከሻው ላይ ጣሉና በሲባጎ ወገቡ ላይ ያስሩት ጀመር።

«እማማ፣ ኧረ ነፋስ ይይዘኛል! ፍጥነቴን ይቀንሰዋል!»

«የቱን ልጄ?» አሉ እማማ። በአንድ ዓይናቸው እያዩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ደጋግመው ቋጠሩት። የተረፈውን ሲባጎ ግን አልቆረጡትም። «ሲፈታ መያዣ ይሆናል» አሉ።

ውድድሩ አምስት ዙር ነው። ኮሚቴውን ያልሰሙ ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች በዝናብ ጎማ ተነሡ፤ ጥይት ብቻ በደንቡ መሠረት በደረቅ ጎማ ተነሣ። ሁለት እግሮቹን ግራና ቀኝ እንደ መቅዘፊያ ዘርግቶ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ «ቀስ፣ ቀስ፣ የኔ ልጅ» እያለ ሞተሩን ሲያባብል፣ መሪዎቹ ሙሉ ዙር እየቀደሙ ሁለት ጊዜ ደረቡት። ጨርሰውም ወደየድንኳናቸው ገቡ። ባንዲራ ያዡ ሊሄድ ሲል «የመጨረሻው ሳይገባ መስመሩ አይለቀቅም» የሚለውን ደንብ አሳዩትና ተመልሶ ቆመ።

ጥይት ግን አልወደቀም። አራተኛው ዙር አለቀ፣ አልወደቀም። አምስተኛውን ጀመረ። ሚስቱ ጃንጥላዋን ጨብጣ «ይኸ ሰውዬ ሊጨርስ ነው እንዴ!» አለች። ወንድሟ በልቡ ፍራሽ መደልደል ጀመረ፤ እናቴን በር በኩል፣ ልጆቹን ግድግዳ ጥግ፣ እኔን ውጭ። ጥይት ደግሞ የመጨረሻውን መታጠፊያ ወጥቶ መስመሩን ከፊቱ ሲያየው እንባው መጣ። አራት ዓመት! አሥራ አንድ ውድድር! ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀርቶታል፤ እንዲሁ ዝም ብሎ ቢመጣ ያልፋል።

ዝም ብሎ መምጣት ግን የጀግና ወግ አይደለም። ጀግና ሲያሸንፍ እጁን ያነሣል። ጥይት ግራ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ለሕዝቡ ሰላምታ ሰጠ። ሕዝቡ ማለት ሚስቱ፣ ወንድሟ፣ እማማና ባንዲራ ያዡ ናቸው።

ልሙጡ ጎማ ይህን ሲጠብቅ ነበር መሰል፣ ተንሸራተተ። ሞተሩ በጎኑ ተኛና እየተንሸራተተ ሄዶ መስመሩን አለፈ። ጥይትም በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ፣ አራት እርምጃ ያህል ከኋላ እየተከተለ አለፈ። ባንዲራ ያዡ ለየትኛው እንደሚያውለበልብ ግራ ገብቶት ለሁለቱም አውለበለበ።

ሰዉ ተሯሩጦ ሲደርስ ነው ሲባጎው የታየው። አንዱ ጫፉ የጥይት ወገብ ላይ ነው፤ ሌላው ጫፍ የሞተሩ እግር መርገጫ ላይ ተጠምጥሟል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እማማ ግን ሲሮጡ አልነበረም ያሰሩት።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ «ተወዳዳሪ ውድድሩን ጨረሰ የሚባለው ከሞተሩ ጋር ያለውን ንክኪ ሳያቋርጥ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ነው።» ሲባጎ ንክኪ ነው ወይስ አይደለም? ዝናቡን ሁለት ቀን ይዞ ያልወሰነው ኮሚቴ ሲባጎውን በአስቸኳይ ያዘው። ጥይት ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ ስብሰባው ላይ ቀረበ። ለምስክርነት እማማ ተጠሩ።

«እናቴ፣ ይህን ሲባጎ ያሰረው ማነው?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እኔ ነኝ።»

«ያሰሩት ከተወዳዳሪው ጋር ነው ወይስ ከሞተሩ?»

«ከልጄ ወገብ ጋር ነዋ! ሞተሩ ራሱ ነው መጥቶ የያዘው።»

«አንድ ዓይንዎ ተሸፍኗል። በደንብ አይተዋል ለማለት ይቻላል?»

«የመጣው አንድ ሰው፤ አንድ ዓይን አነሰው?»

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሁሉም ነገር በእርስዎ ቃል ላይ ነው። ተወዳዳሪውና ሞተሩ መስመሩን ሲያልፉ ሲባጎው ተበጥሶ ነበር ወይስ አልተበጠሰም?»

ሚስቱ እናቷን አየች። ወንድምየው መሬት መሬት አየ። ጥይት ዓይኑን ጨፈነ። እማማ ስብሰባ ባይጠሩም ደንቆሮ አይደሉም፤ ስለ ክፍሏ ሁሉንም ሰምተዋል። አንዲት «ተበጥሷል» የምትል ቃል ከአፋቸው ብትወጣ ሞቃት ክፍል ከነመስኮቷ የእሳቸው ናት።

«አልተበጠሰም» አሉ። «እኔ ያሰርኩት ሊበጠስ? ልጄ ጨርሷል። አጨራረሱ ነው እንጂ ያላማረው፣ መጨረሱንስ ጨርሷል።»

ጥይት ከቃሬዛው ላይ ተንጠራርቶ እጃቸውን ሳመ፣ አለቀሰም። በዚያች ሰዓት ልቡ እውነት ተነክቶ ነበር። «እማማ፣ ክፍሉን ለእርስዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ነገር ግን ሊቀ መንበሩ በዚያው ቅጽበት የጨራሽነት ምስክር ወረቀት ደረቱ ላይ አኖሩለት። ክብ ማኅተም አለው። ጥይት ማኅተሙን ሲያይ አፉ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ኮሚቴውም በተጓዳኝ መሮጫው እርጥብ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጽድቆ በድምፅ ማጉያ አስታወቀ። ያን ጊዜ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጥይት እስከ ጉልበቱ ጀሶ ተደርጎለት ቤቱ ገባ። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ደረጃ እንዳይወጣ ከልክሎታል። ሚስቱ ቃለ ጉባኤውን ይዛ ሳሎን ቆማ ጠበቀችው። ቂም የለም፣ ኩርፊያ የለም። ፊቷ እንደ ጠራ ሰማይ ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች። «ኮሚቴው አረጋግጧል፣ ማኅተምም አለው። ክፍሉ የሞተሩ ነው።»

«ቃልሽን የምታከብሪ ሴት መሆንሽን አውቃለሁ» አለ ጥይት ረክቶ። «እማማ እንግዲህ ከወንድምሽ ጋር…»

«የቱ አንቀጽ ላይ?»

ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። የለም። ክፍሉ አለ፣ ሞተሩ አለ፤ እማማ የት እንደሚሄዱ የሚል የለም።

«ፎቅ ላይ ያለው አልጋ ለሁለት ሰው ነው» አለች ሚስቱ። «አንተ ደግሞ ደረጃ ተከልክለሃል። እናቴ ከእኔ ጋር ትተኛለች።»

የሳሎኑ ሶፋ ተሞከረ። ሶፋው ለሁለት ሰው መቀመጫ እንጂ ለአንድ ጀሶ መዘርጊያ አልተሠራም። ስለዚህ ወንድምየው ፍራሽ አምጥቶ ክፍሏ ውስጥ፣ ከሞተሩና ከግድግዳው መካከል በተረፈችው ቦታ ዘረጋለት። ጥይት ተኛ። ከበሩ ሥር ነፋስ ይገባል። የሰው ብርድ ልብሶቹ ገና ገመድ ላይ ናቸው፣ ይንጠባጠባሉ። ከጎኑ ሞተሩ ሁለቱን ጎማዎች ጥቅልል አድርጎ ሞቅ ብሎታል። ጥይት እጁን ወደ አንደኛው ብርድ ልብስ ሰደድ አደረገ።

«አንቀጽ አራት» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ።

«እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት!»

«ለዚህ ነዋ እንዲህ ጥርት ብሎ የተጻፈው።»

«እሺ፣ እናሻሽለዋ!»

«አንቀጽ ሰባት። ፎቅ ላይ፣ በአካል። እኛ ወጥተን እንጠብቅሃለን።»

ጥይት ወደ ወንድምየው ዞረ። «ወንድሜ፣ በናትህ፣ አዝለህ አውጣኝ!»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። የእሱ ፍራሾች የትም አልተነቃነቁም፣ ልጆቹም እንዳሉ ናቸው፤ ሲያዩት ግን በእጅጉ ያዘነ ይመስል ነበር። «ጋሼ፣ ደስ ባለኝ። ግን እኔ በዚህ ነገር ባለጉዳይ ነኝ፤ የጥቅም ግጭት አለብኝ።»

ተያይዘው ወጡ። የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ፣ በሩ ሲዘጋ ተሰማ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጥይት ምስክር ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ተንጋለለ። ውጭ እንደገና ማካፋት ጀምሯል። ጥቂት ቆይቶ ከላይ በሩ ተከፈተና የእማማ ድምፅ መጣ።

«ልጄ!»

«አቤት እማማ!» አለ ጥይት፣ በተስፋ ቀና ብሎ። እሳቸው አንጀታቸው አይችልም፤ ያውቃቸዋል።

«ትንሽ ጠጋ በልለት። ነፋስ ሲያገኘው ይበርደዋል።»

ጥይትም ጠጋ አለለት።